የመታጠቢያ ቤቱ በሽተኛ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ለእኔ ትታልኝ የሄደችው አንድ ፌሬት ነው። ፌሬት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያኔም ያሳፍረኝ ነበር፣ አሁንም እየጻፍኩት ያሳፍረኛል። ቀጭንና ረጅም፣ እግሩ አጫጭር፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል፣ ክብደቱ ግልገል ድመት የማያክል አውሬ ነው። አገር ቤት ሙጭልጭላ አይቶ የሚያውቅ ሰው የፌሬትን የአክስት ልጅ አይቷል ማለት ነው። ኦሪት ደግሞ ሙጭልጭላን ከአይጥና ከእንሽላሊት ጋር አሰልፎ ርኩስ ይለዋል። እኔ እንግዲህ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከፊት የምቆመው፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ ስናገር ሰው ጸጥ ብሎ የሚሰማኝ ሰውዬ፣ ይህንን አውሬ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በማንኪያ የማጎርስ ሆኜ ተገኘሁ።

ጊዜው ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ሲያትል ከተማ፣ ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ትንሽ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ውስጥ ቲኬት ተቀባይ ነበርኩ። ባለቤቴ እናቷን ልታስታምም አዲስ አበባ ከሄደች ወራት አልፈዋል። ልጄ ደግሞ እዚሁ ሲያትል ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ሳለ፣ ከተራራው ማዶ፣ በባስ ግማሽ ቀን የሚያስኬደውን መረጠች። ለምን አልኩ። መልሷ አላረካኝም። እኔ ስቆጣ አፌ አይመለስም፤ የሚባለውንም የማይባለውንም ተናገርኳት። እሷም የእኔው ልጅ ናት፣ አልተመለሰችልኝም። እናቷ በሌለችበት እንዲያ ተለያየን። ለታንክስጊቪንግ በዓል አልመጣችም፣ ለገናም አልመጣች። ነይ አላልኳትም፣ ልምጣ አላለችኝም።

እሁድ እሁድ ወደ ማታ ግን ትደውላለች። የምትጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ እንዴት ነው ትላለች፣ በአማርኛ ደህና ነው እላለሁ። በላ? በላ። ተጫወተ? ተጫወተ፣ ካልሲዬን ሰርቆ ሶፋ ሥር ደበቀ። እዚህ ላይ አንዳንዴ ትንሽ ሳቅ ትላለች። ከዚያ ኦኬ ትላለች፣ እኔም ኦኬ እላለሁ፣ ስልኩ ይዘጋል። እኔና ልጄ በሳምንት ውስጥ ያለን ወሬ ይኸው ነበር። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ከልጅቷ ጋ ትነጋገራላችሁ ወይ ስትለኝ አፌን ሞልቼ በየሳምንቱ እላታለሁ። ውሸት አልነበረማ! የአንድ ሙጭልጭላ የጤና ሁኔታ ብቻ መሆኑን ሳልነግራት ቀረሁ።

እንግዲህ ይህ አውሬ ቢሞት ስልኩም አብሮ እንደሚሞት አውቀዋለሁ። የሃምሳ ዓመት ሰው የልጁን ድምፅ ለመስማት በእንስሳ ይለምናል? ይለምናል። ለምኛለሁ።

በሽታው የጀመረው ከጅራቱ ነው። ጸጉሩ ይረግፍ ጀመር። መጀመሪያ የቤቱ ማሞቂያ ያደረቀው መስሎኝ ቫዝሊን ቀባሁት፤ ልሶ ጨረሰው። ሳሙና ቀየርኩ፣ ምንጣፉን አጠብኩ። ጅራቱ ተመልጦ የአይጥ ጅራት ሆኖ ቁጭ አለ፣ ከዚያም መላጣው ወደ ዳሌው ወጣ። ቀንና ሌት ያካል። ድሮ ከሥራ ስገባ እየተጣመመ ዘሎ የሚቀበለኝ፣ ያ እብድ ጭፈራው ቀረና ቀና ብሎ አይቶኝ ብቻ መልሶ ይተኛል። ራሴ መላጣ ስለሆንኩ ጸጉር መርገፍ ብዙ አያስደነግጠኝም፤ ጭፈራው መቅረቱ ግን አስደነገጠኝ።

ወደ ታኮማ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዲህ ያሉ ጉደኛ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ቤት አገኘሁና ወሰድኩት። ሐኪሟ ሆዱን በጣቷ ስትዳብስ ቆየች። ከኩላሊት በላይ ያለች አንዲት ትንሽ እጢ አብጣበታለች አለችኝ። ይህች እጢ የማይገባውን ሆርሞን እየረጨች ጸጉሩን ታረግፈዋለች፣ ጡንቻውን ታከሳዋለች። መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው። ወንድ ስለሆነ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ተጠንቀቅ አለችኝ፦ በዚሁ በሽታ ምክንያት የሽንት መውጫው ሊዘጋ ይችላል። ለመሽናት ቁጭ ብሎ አምጦ አምጦ ምንም ካልወጣው፣ ነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ይዘኸው ና።

ለቀዶ ጥገናው አስቤ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ምኑን እንዳሰብኩት ልናገር። አማቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተኝተው የአልጋ ተራ ይጠብቃሉ፣ ባለቤቴ ወለል ላይ ታድራለች። እኔ ታዲያ ደውዬ ሙጭልጭላውን ላስቀድደው ነው ልበላት? እግዚኦ። በምን አፌ? በውስጤ ግን ቆርጬ ነበር፤ ማስቀደዴን ማንም ሳያውቅ እንዴት አድርጌ እንደማስቀድደው ብቻ ነበር የማወጣ የማወርደው። እንዲህ እያወጣሁ እያወረድኩ ሳምንታት አለፉ።

ለልጄም አልነገርኩም። ፈተና ላይ ናት። በእኛ ቤት ደግሞ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ነገር በስልክ አይነገርም። የአባቴን ሞት እንኳ እኔ የሰማሁት ሰው ሁሉ ሰምቶ ካበቃ በኋላ ነው፤ ሽማግሎች ተሰብስበው በጠዋት ቤቴ መጥተው አረዱኝ። ልጄ ያኔ ትንሽ ነበረች፣ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ስለዚህ እንዴት ነው ስትለኝ ደህና ነው ማለቴን ቀጠልኩ። በላ? በላ። ተጫወተ? ተጫወተ። የሰረቀውን ካልሲም ከራሴ ፈጠርኩ።

መብላት ግን እያቆመ ነበር። ሐኪሟ ለሕፃን የሚሰጠውን የዶሮ ፍትፍት በጠርሙስ የታሸገውን አሙቀህ ስጠው ብላኛለች። ኦቴሎ መንገድ ላይ ካለው የአገር ልጅ ሱቅ ገዛሁ። ባለሱቁ ጠርሙሶቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ባለቤቴ አገር ቤት መሆኗን ያውቃል፤ እያገላበጠ በከረጢት አደረገልኝ። በሚቀጥለው ስሄድ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ዲቃላ ወለደ ተብሎ ተወርቶብኝ እንደነበር ቆይቼ ነው የሰማሁት። ከዚያ በኋላ በሰባት ቁጥር ባስ ማንም የማያውቀኝ ሰፈር ድረስ ሄጄ መግዛት ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ የእድሩ ስብሰባ ነበረብን። የዚያን ዕለት ጠዋት ማንኪያውን ገፋብኝ፣ በማንኪያ አልሆን ሲል መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ እያደረግኩ ስሰጠው ረፈደ። ጥዬው መሄድ አልቻልኩም። ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። ጓደኛዬ ነው፣ ከአንድ ሰፈር ነው የወጣነው፣ አባቴንም ያውቃቸዋል። ሰበብ አላዘጋጀሁም ነበርና አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ ቤት በሽተኛ አለብኝ፣ ዛሬ አልመጣም አልኩትና ዘጋሁ።

አይ እኔ! ቤት በሽተኛ አለብኝ ብሎ ስልክ መዝጋት! የበሽተኛ መጠየቂያውን ደንብ ያረቀቅኩት እኮ እኔው ነኝ። አባል ታሞ እንደሆነ ከተሰማ ጥሪ ሳይጠበቅ፣ በማግስቱ፣ ቤቱ ይኬዳል ብዬ በጠረጴዛ ላይ ጡጫዬን እየመታሁ ያስጸደቅኩት እኔ። እነሱም ተሰብስበው አሰሉት። ሚስቱ አገር ቤት ናት። ልጁ ተራራ ማዶ ናት። ቤት ውስጥ እሱ ብቻ ነው ያለው። በሽተኛው ራሱ ነው፣ ኩሩ ስለሆነ ታመምኩ ማለት አቅቶት ነው ተባለ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አሸዋ ወዳለበት ሳጥኑ እየሄደ ቁጭ ይላል፣ ወገቡን አጉብጦ ያምጣል፣ አንድ ሁለት ጠብታ ነው፣ ከዚያም እሱም ቀረ። ሐኪም ቤቱ እሁድም ሰው ስለማያጣ ልደውል ስልኩን አንስቻለሁ። በሩ ተንኳኳ። በመጋረጃው ሳይ ሊቀመንበሩ፣ ድስት የያዘች ሚስቱ፣ እና ሁላችንም እማማ የምንላቸው ትልቅ ሰው ብርቱካን በከረጢት፣ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ዝናቡ ላይ ቆመዋል። አውሬውን ከነፎጣው አንስቼ መታጠቢያ ቤት ዘጋሁበት። አሁን ሸኛቸዋለሁ፣ አምስት ደቂቃ ነው አልኩ ለራሴ።

በሩን ስከፍት እማማ ደረታቸውን መቱ። ጺሜን አልተላጨሁም፣ እንቅልፍ አጥቼ ዓይኔ ደም ለብሷል፣ ጋቢ ደርቤያለሁ። ብቻህን ታመህ ትተኛለህ ወይ ልጄ አሉኝ። ያን ጊዜ ነበር አልታመምኩም ማለት። ያልኩት ግን ደህና ነኝ፣ ቀላል ነው፣ ምን አለፋችሁ ነው። ይሄንኑ አይደል የጠናበት በሽተኛ የሚለው? ይዘው ሶፋው ላይ አጋደሙኝ። ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር ጋቢውን እስከ አገጬ ይስቡልኛል።

የሊቀመንበሩ ሚስት ሾርባውን ልታሞቅ ኩሽና ገባች። እዚያ የሕፃን ምግቡን ጠርሙሶች፣ ሲሪንጁንና የታጠበችውን ትንሽ ማንኪያ አገኘች። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ምግብም አልወርድልዎ ብሎ ነው ጋሼ አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እማማ ደግሞ ከሶፋው ላይ አጫጭር የረገፈ ጸጉር በጣታቸው ለቀም ለቀም አደረጉና መላጣዬን አዩት። ሊቀመንበሩ ጠጋ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ተመርምረሃል ወይ አለኝ። አሁን አሁን ጥሩ ጥሩ መድኃኒት መጥቷል ይላሉ፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ይኖራል ይላሉ፣ ከእኔ አይወጣም አለኝ። በዚያ ዘመን ስሙ በአፍ የማይጠራ አንድ በሽታ ነበር። ምን እንዳሰበ ሲገባኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለቤቴ ስሟ አብሮ ሊነሳ ነው። ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? ይሄ ሁሉ ሾርባ፣ ይሄ ሁሉ እንባ፣ ለሙጭልጭላ ነው ልበል? የታመመችው ነፍስ ያችው ናት፣ ኦሪት የረገማት? አልተናገርኩም። ሾርባውን አጎረሱኝ፣ ዋጥኩ።

በዚያው ጆሮዬ ግን መታጠቢያ ቤቱ ላይ ነበር። ሳጥኑን ይጭራል፣ ዝም ይላል። ይጭራል፣ ዝም ይላል። ቀጥሎ ከዚያ ዓይነት አውሬ ሰምቼው የማላውቀው ቀጭን ድምፅ ወጣ፣ በር ሲጢጥ ሲል የሚመስል። ሐኪሟ ያለችኝ ሰዓት ይህ ሰዓት ነበር። አውቄዋለሁ። እያወቅኩ በሰው ማንኪያ ሾርባ እጠጣለሁ። ላብ በላብ ሆንኩ፤ ትኩሳቱ ተነሳበት ብለው ግንባሬን ጸበል አርከፈከፉት።

እማማ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ተበላሽቷል እማማ፣ ውኃው አይሠራም፣ ኩሽና ይታጠቡ አልኳቸው። ኩሽናው በምግብ ተይዟል ብለው አልፈውኝ ሄዱ። በሩ ተከፈተ፣ ቆይቶ ተዘጋ። ቀስ ብለው ተመልሰው ቆሙ። አንድ ነገር አለ እዚያ ውስጥ ልጄ፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው አሉ። ሦስቱም ወደኔ ዞሩ።

“አይጥ ነው” አልኩ። “አይጥ ነው እማማ፣ ወጥመድ ልገዛለት ነበር።”

ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ፣ ለልጄ በቁጣ የተናገርኩትን ጨምሮ፣ እንደዚያች ቃል የሚያሳፍረኝ የለም። ብዙ ጊዜ ሰው ሳያስብ ተናገረ ይባላል። እኔ አስቤ ነው። አይጥ በማንም ቤት ይገባል፣ አይጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም ብዬ፣ አመዛዝኜ ነው የተናገርኩት።

ሊቀመንበሩ እጅጌውን ሰበሰበ። ጓደኛው ታሞ ምን እንደሚያደርግለት ጨንቆት የተቀመጠ ሰው ነው፤ አሁን የሚሠራው ሥራ አገኘ። ከኩሽና መጥረጊያውን አነሳ፣ እንዳያመልጥ በሩን ከኋላዬ ዝጉብኝ አለ። እኔ ተኝቻለሁ። ኮሪደሩን እስኪያቋርጥ ተኝቻለሁ። አንድ የሆነ ነገር ይፈጠራል፣ እኔ ሳልናገር ነገሩ በራሱ ይፈታል ብዬ እየጠበቅኩ ይመስለኛል። በሩን ሲከፍት ሰማሁ። ኧረ ይሄስ ትልቅ ነው፣ ጸጉሩ አልቋል፣ በሽታ አለበት፣ ወደዚህ እንዳትመጡ ሲል ሰማሁ።

ጋቢው ሲወድቅ አላስታውስም። መጥረጊያውን ከላይ ያዝኩት። አውሬው ገንዳው ሥር ጥግ ይዞ ፎጣው ላይ ተኝቷል፣ ለመሸሽም አልሞከረ። ድምፄን ሲሰማ ግን ራሱን ቀና አደረገ።

“የኔ ነው” አልኩ።

ሊቀመንበሩ አልገባውም። አይጡ ነው የአንተ አለኝ።

“አይጥ አይደለም። ቤት በሽተኛ አለብኝ ያልኩህ እሱ ነው።”

መጥረጊያውን አልለቀቀም፣ እኔም አልለቀቅኩም፣ በር ላይ እንደ ሁለት ጎረምሳ ተያይዘን ቆምን። ሴቶቹ ከኋላው መጡ። አንስቼ ደረቴ ላይ አደረግኩት። ሆዱ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። አፌ ተፈታና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። የልጄ ነው፣ እጢ ነው፣ ሽንት ተዘግቶበታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው፣ ይሞታል፣ እየሞተ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጨዋ ነው የተባልኩ ሰው፣ በካናቴራ፣ መላጣ ሙጭልጭላ ታቅፌ ሰው ፊት አለቀስኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

“ሽንት ከለከለው?” አሉ እማማ። “ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጠናል?”

የሊቀመንበሩ መኪና የኔን ዘግታ ስለቆመች በእሱ ሄድን። መጥረጊያውን በሩ ላይ አቁሞ ቁልፉን አወጣ። ሚስቱ ከፊት፣ እማማ ከኋላ አጠገቤ፣ አውሬው በጋቢዬ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ። ሃይዌይ ከገባን በኋላ ሊቀመንበሩ በመስታወቱ አየኝ። ለዚህ ነው ከስብሰባ የቀረኸው አለኝ። አዎ አልኩት። እኔ እኮ ትናንት ሌሊቱን ስለ አንተ አልተኛሁም አለኝ።

እንደደረስን አንዲት ነርስ ከእጄ ወስዳ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። እኛ ተቀመጥን። አጠገባችን በቀቀን የያዘች ሴትና ጥንቸል ያቀፈ ሽማግሌ አሉ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የሰው ሆስፒታል እንደመጡ ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ብርቱካኑን ይዘውት መጥተዋል።

በዚህ አገር ሐኪም ቤት እንስሳ ሲጠራ በስሙና በባለቤቱ የቤተሰብ ስም ነው የሚጠራው። የኔ የቤተሰብ ስም ደግሞ የአባቴ ስም ነው። አባቴ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ከወንበሩ የሚነሳላቸው ዳኛ ነበሩ። መጀመሪያ ያመጣሁት ጊዜ ነርሷ ያንን ስም ከአውሬው ስም ጋር አጣብቃ ስትጠራ፣ ሁለተኛ እንዳትደግመው ፈትለክ ብዬ ነበር የተነሳሁት። አሁንም በሩ ተከፈተና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችው። የዳኛው ልጅ ይመስል። ሊቀመንበሩ ዞሮ አየኝ። አባቴን ያውቃቸዋል አላልኩም?

“አቤት” አልኩ በአማርኛ፣ ቆሜ።

እሳቸው እንኳን ይህን ሳይሰሙ አረፉ አለኝ ሊቀመንበሩ ወለሉን እያየ። ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው።

ሐኪሟ ሽንቱን በቀጭን ቱቦ አውጥታለታለች። ትንሽ ብትዘገይ አይተርፍም ነበር አለችኝ። ነገ ጠዋት እጢዋ መውጣት አለባት፣ እንዲህ ደክሞ ስለሆነ ላይነቃ ይችላል፣ ባለቤቱ ተስማምቷል ወይ አለችኝ። ይህን የሚያነብ ሰው እንዳይጨነቅ አሁኑኑ ልናገር፤ ነቅቷል። ጸጉሩ ከጅራቱ ጀምሮ ተመልሶ በቀለ፣ ጭፈራውም ተመለሰ፣ ካልሲዬን እስኪያረጅ ሰረቀኝ። እኔ ግን ያን ዕለት ይህን አላውቅም። ባለቤቱ እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት አልኳት። እንግዲያው ልጅህን ጠይቃት አለችኝና የመቀበያውን ስልክ ወደኔ አዞረችልኝ።

ልጄ ጋ ደውዬ አላውቅም፤ የምትደውለው እሷ ናት። ሦስቱ ከኋላዬ ተቀምጠዋል፣ የምለውን ሁሉ ይሰማሉ። አንስታ ድምፄን ስትሰማ ምን ሆነ አለች በእንግሊዝኛ። ነገርኳት። ጅራቱ ከረገፈ ወራት እንደሆነው፣ ደህና ነው ያልኳት ሁሉ ውሸት እንደሆነ፣ ካልሲው ፈጠራ እንደሆነ፣ ነገ እንደሚቀደድና ላይነቃ እንደሚችል ነገርኳት። ሰው ሲያየው አፍሬ አይጥ ነው ማለቴንም ነገርኳት። ይህችን መተው እችል ነበር፣ ሌላ የሚነግራት አልነበረም፤ ግን አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማስቀረት አቃተኝ። ይቅደዱት ብላ በቶሎ መለሰች። ከዚያ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ አልኩ።

“አንተ ነህ የታመምከው ብዬ ነበር እኮ አባዬ” አለችኝ። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ግን በአማርኛ ነው። ድምፅህ ልክ አልነበረም አለችኝ። በየእሁዱ ስትሰማው ልክ አልነበረም። እናንተ ትደብቃላችሁ፣ አያቴ ሲሞት እንኳ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር አለች። ለዓርብ የባስ ቲኬት ቆርጣለች። ሳትነግረኝ መጥታ በዓይኗ ልታየኝ ነበር።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የጥንቸል ሥዕል ነበር፣ እሱን አየሁ።

ካልታመምክ ቲኬቱን ልመልሰው ወይ አለችኝ።

“አልታመምኩም” አልኳት። “ግን ነይ።”